የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ለትምህርት ቤት ሙዚየም፦ ጅማ ላይ በ1 ለ10 ልኬት አሠራሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ጅማ ባቡር ጣቢያ የላትም። እዚህ ተወልዶ ያደገ ተማሪ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የሚያየው በመጽሐፍ ሥዕል ወይም በስልክ ነው። ያም ሆኖ የሚያየው ጭሱንና ጎማውን እንጂ ውስጡን አይደለም። ቡናችን ግን ባቡሩን በደንብ ያውቀዋል። ከጅማና ከዙሪያዋ በቅሎ፣ በኋላም የጭነት መኪና አዲስ አበባ ያደረሰው ቡና ለገሃር ላይ ፉርጎ ተጭኖ ጅቡቲ ወደብ ሲወርድ ኖሯል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ሙዚየም ውስጥ ከጀበናው፣ ከሙቀጫውና ከበርጩማው አጠገብ አንድ ሎኮሞቲቭ ቢቆም ቦታው ነው።

ይህ መመሪያ ለቅርስና ለሳይንስ ክበብ መምህራን፣ ለተማሪዎቻቸውም ነው። የምንሠራው 85 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ አንድ ጎኑ ተከፍቶ ውስጡ የሚታይ፣ ልጅ እጀታ ሲያዞር ጎማው፣ ፒስተኑ (በእውነተኛው ባቡር እንፋሎት የሚገፋው ክፍል) እና ቫልቩ (እንፋሎቱን የሚያስገባና የሚያስወጣው በር) አብረው የሚንቀሳቀሱ ሞዴል ነው። ውጪው አብረቅርቆ ውስጡ ባዶ ቆርቆሮ የሆነ ሞዴል መሥራት በጣም ይቀላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ጊዜና ገንዘብ ካጠራችሁ ቀለሙን፣ ፋኖሱን፣ የሾፌሩን ክፍል ጣሪያ ተዉት። ፒስተኑንና ቫልቩን ግን አትተዉ። ልጅ የሚማረው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት። ይህ ሞዴል ውሃ አይፈላበትም፣ እሳት አይነድበትም፣ የታመቀ አየርም አይገባበትም። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን በተራ የአየር ግፊት ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ የሚይዝ እንፋሎት ይሆናል። ያ ሁሉ በጣሳ ውስጥ ከታፈነ ጣሳው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። «ትንሽ ብቻ እናሙቀው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱ ሁልጊዜ እምቢ ነው። የእኛን ሎኮሞቲቭ የሚነዳው እጅ ብቻ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ወቅቱን ምረጡ። በጅማ ክረምት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ ያልተቀባ ላሜራ በጥቂት ቀን ውስጥ ይዝጋል፣ ኮምፔርሳቶም እርጥበት ጠጥቶ ይጣመማል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ከትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳም ጋር ይሄዳል።

ልኬቱ 1 ለ10 የሆነው በምክንያት ነው። የድሮው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ሐዲድ ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር። በ1 ለ10 ሲቀንስ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል። ማንኛውም ተማሪ ማስመሪያ አስጠግቶ «ይኼ አንድ ሜትር ነው» ማለት ይችላል። ሌላውም ልኬት ሁሉ ሂሳቡ በቃል ይሠራል።

ዕቃው ከተማ ውስጥ አለ። 12 ሚሊሜትርና 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ከእንጨት ቤት የተረፈ ቁራጭ ይበቃል። 1 ሚሊሜትር ላሜራ፣ 10 ሚሊሜትር ድፍን ክብ ብረት፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 15 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት፣ 6 ሚሊሜትር ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው ግዙ። ባለ 50 ሚሊሜትር የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ አንድ ስንዝር፣ ሦስት ትልልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ሁለት እኩል ጥርስ ያላቸው ትናንሽ የብስክሌት ጥርሶች ከነካቴናቸው ያስፈልጋሉ። ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ የተጣለ አታጡም። ጥርሶቹ ስፋታቸው ከ8 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ።

ሁለት ባለሙያ ወዳጅ ይኑራችሁ። አንዱ በያጅ ነው፤ አክስሎቹን እሱ ነው የሚሠራላችሁ። ሌላው በርጩማ ሠሪ ነው። ጅማ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ፈልፍሎ በማውጣት የታወቀች ከተማ ናት፤ ያ እጅ የሎኮሞቲቩን ጭስ ማውጫና በቦይለሩ (ውሃ በሚፈላበት በርሜል) ጀርባ ላይ የሚቀመጠውን ጉልላት ከዋንዛ ቁራጭ ጠርቦ ማውጣት ይችላል። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱና ሲጠርብ ይዩ። ጊዜ ካላችሁ ከዚያ ጅማ ሙዚየም ጎራ በሉ። የአባ ጅፋር ዕቃዎች እንዴት እንደተደረደሩ፣ መግለጫ ጽሑፋቸው በምን ከፍታ እንደተለጠፈ ልጆቹ ያስተውሉ። በኋላ ይጠቅማቸዋል።

ደረጃ 1፦ ገላው

ከ12 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ 85 በ9 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ጣውላዎች ቁረጡ። ሁለቱን ደራርባችሁ በሞርሳ አስሩና የአክስሎቹን ቦታ በአንድ ጊዜ ምልክት አድርጉ፦ ከፊት ጫፍ 9፣ 31፣ 43 እና 55 ሴንቲሜትር ላይ። የመጀመሪያው የትንሹ መሪ ጎማ ነው፤ ሦስቱ የነጂ፣ ማለትም ባቡሩን የሚያስኬዱት፣ ጎማዎች ናቸው።

እዚህ ቀዳዳ አትብሱ። ከታች በኩል የተከፈተ፣ 10 ሚሊሜትር ተኩል ስፋት ያለው ስንጥቅ አውጡ። ለነጂዎቹ የአክስሉ መሐል ከጣውላው ታችኛ ጠርዝ 3 ሴንቲሜትር፣ ለመሪው 1 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ አድርጉ። የዚህ ጥቅሙ አክስሉ ከነጎማው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ከታች ወደ ላይ መግባቱ ነው። እውነተኛው ሎኮሞቲቭም እንዲሁ ነው፤ ጎማ ሲያልቅ ገላውን በክሬን አንሥተው ጎማውን ከሥር ያወጡታል። አክስሉ ከገባ በኋላ ስንጥቁን ከታች በላሜራ ቁራጭና በሁለት ብሎን ዝጉት።

በሁለቱ ጣውላዎች መካከል 5 ሴንቲሜትር ከ1 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው የእንጨት መወጠሪያዎች በኮላና በብሎን አስገቡ። የውጪው ስፋት 7 ሴንቲሜትር ተኩል ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ጎማና አክስል

ስድስት ክብ ከ18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ስፋታቸው 10 ሴንቲሜትር፤ ለፊት ሁለት ክብ፣ ስፋታቸው 6 ሴንቲሜትር። በየጎማው ውስጠኛ ፊት ላይ ከጎማው በ1 ሴንቲሜትር የሚሰፋ የላሜራ ክብ ይለጠፋል። ይህ ከንፈር ነው ባቡርን ከሐዲድ እንዳይወጣ የሚይዘው። የባቡር ሾፌር መሪ የለውም፤ አቅጣጫውን የሚይዝለት ሐዲዱና ይህ ከንፈር ነው።

በያጁ 10 ሚሊሜትሩን ብረት ቆርጦ በሁለቱ ጫፍ 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ብረት ይበይድበታል። ከአንዱ ክብ ውጫዊ ፊት እስከ ሌላው ልክ 9 ሴንቲሜትር ተኩል ይሁን። ይህን ልክ በእጃችሁ ሳታረጋግጡ ከበያጁ ዘንድ አትውጡ። ከሰፋ ጎማው ሐዲዱ ላይ ይወጣል፣ ከጠበበ በሐዲዱ መካከል ይወርዳል። ለኋለኛው ነጂ አክስል መሐሉ ላይ የብስክሌቱን ጥርስ አስበይዱ።

ጎማውን ወደ ክቡ ብረት በአራት ብሎን ከማሰራችሁ በፊት ግን ቢየላው (የፒስተኑን ግፊት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) የሚታሰርበትን ቀዳዳ ብሱ፦ ከጎማው መሐል 2 ሴንቲሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ 6 ሚሊሜትር። ስድስቱም ጎማ ላይ ርቀቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በካርቶን አትለኩ። አንድ የላሜራ ቅርጽ አውጡና ስድስቱንም በእሱ ብሱ። ብሎኑን ከውስጥ ወደ ውጪ አስገብታችሁ በዳዶ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ጎማው ላይ እንዳይዞር። መሐለኛው ጎማ ላይ ያለው ከሌሎቹ ይርዘም፤ ሦስት ነገር ይሸከማል።

ደረጃ 3፦ ግራና ቀኝ፣ ሩብ ዙር

ከሥራው ሁሉ ተማሪ የሚደነቅበት እዚህ ላይ ነው፤ አትቸኩሉ።

ፒስተን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ጫፍ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል፤ በዚያች ቅጽበት ቢየላውና የጎማው መሐል በአንድ መስመር ላይ ስለሚሆኑ የቱንም ያህል ቢገፋ ጎማውን ሊያዞረው አይችልም። ሎኮሞቲቩ ጣቢያ ላይ ልክ በዚህ ሁኔታ ቢቆም መነሣት አቃተው ማለት ነው። መፍትሔው የግራውንና የቀኙን ጎማ በሩብ ዙር ማለያየት ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ሲሞት ሌላው መሐል መንገድ ላይ ሆኖ በሙሉ ጉልበቱ ይገፋል።

ስለዚህ የግራው ጎማ ብሎን በቀጥታ ወደ ላይ ሲያይ የቀኙ በቀጥታ ወደ ፊት ማየት አለበት። አክስሉን በሞርሳ ያዙ፣ የግራውን ጎማ እሰሩ፣ ሩብ ዙሩን በማዕዘን መለኪያ አረጋግጣችሁ ቀኙን እሰሩ። ሦስቱም አክስል ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ ይደገም። አንዱ እንኳ ትንሽ ቢስት በአንድ ጎን ያሉትን ሦስት ነጂ ጎማዎች የሚያገናኘው አያያዥ ዘንግ ሲገባ ጎማዎቹ ተጣብቀው አንዞርም ይላሉ።

ከዚያ አያያዥ ዘንጎቹ። ከጠፍጣፋው ብረት ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 26 ሴንቲሜትር ገደማ። ሁለቱን አንድ ላይ አስራችሁ በአንድ ምት ሦስት ቀዳዳ ብሱባቸው፣ በመካከላቸው ልክ 12 ሴንቲሜትር። ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር ተኩል ይሁን፤ ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር መላወሻ ናት። ዘንጉን አስገብታችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ከከበደ አትዶሉት። የቱ ጋ እንደሚይዝ ፈልጉ፣ የዚያን ጎማ አራት ብሎን ላላ አድርጉ፣ ሲፈታላችሁ መልሳችሁ አጥብቁ።

እጀታውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያስበው የአክስሉን ጫፍ ወደ ውጪ አርዝሞ እጀታ መግጠም ነው። አይሆንም። አያያዡ ዘንግ በየዙሩ በአክስሉ መሐል ፊት ለፊት ያልፋል፤ የረዘመ አክስል ቢኖር ይጋጨዋል። የብስክሌት ካቴናው የመጣው ለዚህ ነው። ካቴናው ከኋለኛው አክስል ተነሥቶ በሐዲዱ መካከል ሞዴሉ ወደሚቆምበት ማስቀመጫ ሣጥን ይወርዳል፣ እዚያ ሁለተኛው ጥርስ ከእጀታው ጋር ይገናኛል። ጥርሶቹ እኩል ስለሆኑ አንድ የእጅ ዙር አንድ የጎማ ዙር ነው። ይህን እኩልነት በኋላ ለመቁጠር እንፈልገዋለን።

ደረጃ 4፦ ሲሊንደርና ፒስተን

50 ሚሊሜትሩን የፕላስቲክ ቱቦ 7 ሴንቲሜትር ላይ ቁረጡና በቁመቱ ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ጀርባው ወደ ውስጥ፣ ሆዱ ወደ ተመልካች ሆኖ በግራው ጎን ይታሰራል። መሐሉ ከገላው ፊት ጫፍ 16 ሴንቲሜትር ላይ፣ ከፍታው ከነጂ አክስሎቹ ጋር እኩል። ፒስተኑ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ከእንጨት የተቆረጠ ክብ ነው። ቢጫ ቀቡት፤ ከሩቅ እንዲታይ።

የብሎኑ ርቀት 2 ሴንቲሜትር ተኩል ስለሆነ ፒስተኑ ከጫፍ ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ከፒስተኑ መሐል 12 ሴንቲሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ወደ ኋላ ይወጣል። ጫፉ ላይ በሁለት የላሜራ ሐዲዶች መካከል የሚንሸራተት ትንሽ የእንጨት ዳማ ይታሰራል። ቢየላው ከዚህ ዳማ ተነሥቶ መሐለኛው ጎማ ላይ ይታሰራል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ 15 ሴንቲሜትር። ዳማው ባይኖር ቢየላው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የፒስተኑን ዘንግ ያጣምመው ነበር። ቢየላው ከአያያዡ ዘንግ ውጪ ስለሚሆን በመካከላቸው ሁለት ሮንዴላ አስገቡ፤ ቢየላው የፊተኛውን ጎማ ብሎን ሳይነካ ማለፉንም አረጋግጡ።

በቀኝ በኩል ሲሊንደሩ ዝግ ይሁን። ቢየላውና አያያዡ ግን ይኑር።

ደረጃ 5፦ ቫልቭ

አብዛኛው የትምህርት ቤት ሞዴል ይህን ይዘለዋል። ሲዘለል ግን ልጁ «እንፋሎቱ ፒስተኑን ከገፋው ማን ይመልሰዋል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይጠፋል። የሚመልሰው ያው እንፋሎት ነው። አንድ ጊዜ በፊት፣ አንድ ጊዜ በኋላ ይገባል፤ በሩን የሚያፈራርቀው ቫልቩ ነው።

ከሲሊንደሩ በላይ 9 ሴንቲሜትር የሚረዝም የኮምፔርሳቶ ሰሌዳ እሰሩ። በሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይህን ሳሉ፦ 1 ሴንቲሜትር በር፣ 1 ሴንቲሜትር ድፍን፣ 1 ሴንቲሜትር ተኩል መውጫ፣ 1 ሴንቲሜትር ድፍን፣ 1 ሴንቲሜትር በር። ድምሩ 5 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ሁለቱ የዳር በሮች በቦይ ወደ ሲሊንደሩ ሁለት ጫፎች ይወርዳሉ፤ ቦዩን በመሮ ፈልፍላችሁ ነጭ ቀቡት። የመሐሉ መውጫ ወደ ጭስ ማውጫው የሚሄድ ነው፤ ሰማያዊ ቀቡት። ከቫልቩ በላይ ያለው ቦታ ከቦይለር የመጣ ትኩስ እንፋሎት የሚጠብቅበት ነው፤ ቀይ ይሁን።

ቫልቩ ራሱ 5 ሴንቲሜትር ተኩል የሚረዝም እንጨት ሆኖ ሆዱ የተፈለፈለ ነው። ሁለት እግሮቹ እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲሜትር፣ በመካከል ያለው ዋሻ 3 ሴንቲሜትር ተኩል። ዋሻውን ሰማያዊ ቀቡት። መሐል ላይ ሲቆም ሁለቱ እግሮች ሁለቱን በሮች ልክ ይዘጋሉ። 1 ሴንቲሜትር ወደ አንድ ጎን ሲሄድ አንዱ በር ለቀዩ ይከፈታል፣ ሌላው በር በዋሻው በኩል ከሰማያዊው ጋር ይገናኛል። ትኩሱ ገብቶ ይገፋል፣ ሥራውን የጨረሰው ይወጣል።

የሚያንቀሳቅሰው ከመሐለኛው ጎማ ብሎን ጫፍ ላይ በዳዶ የሚታሰር፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ 27 ሚሊሜትር የሆነ አጭር ክንድ ነው። የክንዱ ጫፍ ከአክስሉ መሐል 1 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ከብሎኑ በሩብ ዙር ቀድሞ ይቆማል። ከዚያ ቀጭን ዘንግ ወደ ቫልቩ ይሄዳል። ዘንጉ ትንሽ ወደ ላይ ስለሚያጋድል ማዕዘኑ በስሌት ልክ አይመጣም፤ ስለዚህ በዓይን አስተካክሉ። እጀታውን አዙራችሁ ፒስተኑን ጫፍ አድርሱት። በዚያን ጊዜ ቫልቩ መሐል ላይ፣ ሁለቱን በር ዘግቶ መገኘት አለበት። ካልሆነ የክንዱን ዳዶ አላልታችሁ በጥቂቱ አዙሩት። በሁለቱም ጫፍ እኩል እስኪመጣ ድገሙት።

አሁን ወደ ፊት አንድ ጣት ያህል አዙሩ። ፒስተኑ ያለበት ጎን በር ወደ ቀዩ ተከፈተ? ልክ ነው። የተከፈተው የማዶው ከሆነ ክንዱ በተቃራኒ ታስሯል፤ ያ ሎኮሞቲቭ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው ማለት ነው። ክንዱን ከማዞራችሁ በፊት ይህን ለልጆቹ አሳዩአቸው። እውነተኛው ሾፌርም ባቡሩን ወደ ኋላ የሚያስኬደው የቫልቩን ሰዓት በማንሻ ገልብጦ ነው እንጂ እንደ መኪና የኋላ ማርሽ የለውም።

ደረጃ 6፦ ቦይለር

የሦስቱን የወተት ጣሳ ከፊተኛው የፊት ክዳን በቀር ሁሉንም ክዳን አውጡና ጫፍ ለጫፍ በላሜራ ቀበቶና በሪቬት አያይዟቸው። የተቆረጠ ቆርቆሮ ስለት ነው፤ ጓንት ያለው ብቻ ይንካው፣ ጠርዙም በፋይል ይለስልስ። በግራ ጎን አንድ ሦስተኛውን በቁመቱ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ያ መስኮታችሁ ነው። የፊተኛው ጣሳ የጭስ ክፍል ነው፤ ከሲሊንደሩ በላይ ይቀመጣል። የኋለኞቹ ሁለቱ ውሃ የሚያዝባቸው ናቸው። ከኋላቸው 14 ሴንቲሜትር የሚረዝም የላሜራ ሣጥን፣ ውስጡ ቀይ የተቀባ፣ እንደ እሳት ቤት ይገጠማል።

ከእሳት ቤቱ እስከ ጭስ ክፍሉ የሚያልፉ ቱቦዎች በመጠጫ ቀሰም ይሠሩ። የእውነተኛው ቱቦ ስፋት 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በ1 ለ10 ሲሆን 5 ሚሊሜትር፣ ማለትም የቀሰም ስፋት ነው። በሁለት የኮምፔርሳቶ ክቦች ላይ ጥቅጥቅ ያሉ ቀዳዳዎች ብሳችሁ ሁሉንም አሳልፉ። ቀዳዳ መብሳቱ ሊሰለች ይችላል፣ ግን አትቀንሱት። ጭሱ በአንድ ትልቅ ቱቦ ቢያልፍ ሙቀቱ ውሃውን ሳይነካ ይወጣል፤ በብዙ ቀጭን ቱቦ ሲያልፍ ውሃውን በየቦታው ይዳስሰዋል። ሎኮሞቲቭን ፈጣን ያደረገው ይህ ሐሳብ ነው።

በቀሰሞቹ ዙሪያ ውሃ እንዲመስል ሰማያዊ ግልጽ ፕላስቲክ አስገቡ፤ ከፍታው ከእሳት ቤቱ ጣሪያ በላይ ይሁን። ይህ ልኬት ለውበት አይደለም። ውሃው ከእሳት ቤቱ ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልስና ግፊቱ ይበረግደዋል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ እርሳስ (ቶሎ የሚቀልጠው ብረት) የተሞላ ብሎን ያስገቡ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱ ወደ እሳቱ ይወርዳል፣ ለሠራተኞቹም ማስጠንቀቂያ ይሆናል። አንዲት ትንሽ ብሎን በብርማ ቀለም ቀብታችሁ እዚያ ላይ አኑሩ።

የክበቡን ልጆች አንድ ቀን ቴርሞሜትር ይዘው ውሃ እንዲያፈሉ አድርጉ። በጅማ ከፍታ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በ12 ከባቢ አየር ግፊት በታፈነ ቦይለር ውስጥ ግን ውሃ የሚፈላው በ190 ዲግሪ ግድም ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋችሁ ቦይለሩ አጠገብ ለጥፉ።

ጉልላቱን በቦይለሩ ጀርባ ላይ አስቀምጡ። እንፋሎት የሚሰበሰበው እዚያ፣ ከውሃው ርቆ ነው፤ የሾፌሩ መክፈቻም ያለው እዚያ ነው። ከጉልላቱ ቀይ ሽቦ ወደ ቫልቩ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው መውጫ ሰማያዊ ሽቦ ወደ ጭስ ማውጫው ሥር ይሂድ። ያገለገለው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሽቅብ ሲወጣ የእሳቱን ጭስ አብሮ ይስባል፣ በዚያው ልክ ለእሳቱ ንጹሕ አየር ይገባለታል። ባቡሩ በሮጠ ቁጥር እሳቱ ራሱን ያናፋል።

ደረጃ 7፦ ቀለም፣ ሐዲድና ቡና

ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡ፣ ሲደርቅ ጥቁር። ዘንጎቹን አትቀቡ፤ የማሽን ዘይት በጨርቅ እሹባቸው። የኑግ ዘይት አይሆንም፤ አየር ሲያገኘው ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል።

ሐዲዱ ከቱቦላሬ ወይም ከጠርዘኛ እንጨት ይሠራ፤ በውስጠኛ ጠርዞቹ መካከል ልክ 10 ሴንቲሜትር። ሎኮሞቲቩን በገላው ሥር በሁለት እግር ደግፋችሁ ጎማው ከሐዲዱ 3 ሚሊሜትር ከፍ እንዲል አድርጉ። ያን ጊዜ ሳይሄድ ይዞራል።

አንድ ክፍት ፉርጎ ከኋላ ጨምሩ። የቡና ጆንያ የተለመደ ክብደቱ 60 ኪሎ ነው። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ እያንዳንዱ በ10 ሲቀንስ ይዘቱ በ1,000 ይቀንሳል፤ ስለዚህ የእኛ ጆንያ ክብደት 60 ግራም ነው። ከአሮጌ ጆንያ ጨርቅ ትንንሽ ከረጢት ስፉና በሚዛን እየለካችሁ ያልተቆላ የጅማ ቡና ሙሉባቸው። ሎኮሞቲቭ ያላስደነቀውን ጎብኚ ይህ ያስቆመዋል፤ ልጆቹም ስለ ይዘት የተማሩትን ሂሳብ በእጃቸው ይመዝኑታል።

ደረጃ 8፦ መግለጫውና ማሳየቱ

መግለጫ ጽሑፉ አጭርና እውነት ይሁን። ሞዴሉ የአንድ የተወሰነ ባቡር ቅጂ እንዳልሆነ፣ የአንድ ሜትር ሐዲድ ሎኮሞቲቭ አሠራርን ለማሳየት እንደተሠራ ጻፉ። ፈረንሳዮች አክስል ስለሚቆጥሩ የእኛን 130 ይሉታል፤ እንግሊዞች ጎማ ስለሚቆጥሩ 2-6-0 ይሉታል። ታሪኩን በእነዚህ ዓመታት ወስኑት፦ ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894፣ ከጅቡቲ ሥራው የተጀመረው በ1897፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። አዲስ አበባ ሲገባ ጅማን ይገዙ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበሩ። ርዝመቱ 784 ኪሎሜትር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ እንፋሎቱን ናፍጣ ተካው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው።

ጎብኚ ሲመጣ ንግግር አታብዙ። እጀታውን ለልጁ ስጡና አንድ ሙሉ ዙር ሲያዞር እንፋሎት ስንት ጊዜ ወደ ሰማያዊው እንደሚወጣ ቁጠር በሉት። ከግራው ሲሊንደር ሁለት ይቆጥራል። ከዚያ ቀኙም በሩብ ዙር ልዩነት ያንኑ እንደሚያደርግ ንገሩት። አራት ይሆናል። የእንፋሎት ባቡር ሲነሣ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነው፤ በአንድ የጎማ ዙር አራት ምት።

በየሳምንቱ አንድ ኃላፊ ተማሪ ዳዶዎቹን ይፈትሽ፤ በተለይ የቫልቩን ክንድ፣ ቶሎ የሚላላው እሱ ነው። ካቴናው ላይ ትንሽ ግራሶ ይበቃል። ክረምት ሲገባ በፕላስቲክ አትሸፍኑት፤ እርጥበቱን ያፍንበታል። ስስ ጨርቅ ይሻላል።

ክበቡ አቅም አግኝቶ እውነተኛውን ለማየት ሲነሣ ድሬዳዋ የድሮው ምድር ባቡር ከተማ ናት፤ ወደ ጣቢያው ግቢ ለመግባት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ናይሮቢ በሚገኘው የባቡር ሙዚየም ውስጥ ደግሞ በዚያው በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሠራ የነበረ፣ ማንቸስተር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ ቁጥር 5918 የሚባል ከ250 ቶን በላይ የሚመዝን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቆሟል። አስመራ ያሉት ግን በ950 ሚሊሜትር ሐዲድ የሚሄዱ ናቸው። የትም ብትሄዱ ሜትር ያዙ። መጀመሪያ የሐዲዱን ስፋት ለኩ፣ ቀጥሎ ከጎማው መሐል እስከ ቢየላው መታሰሪያ ያለውን ርቀት ለኩና በሁለት አባዙት፤ የፒስተኑን መንገድ ርዝመት ታገኛላችሁ። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ዙሩና የቀኙ መታሰሪያ በእርግጥ በሩብ ዙር ተለይቶ እንደሆነ ተመልከቱ።